የዙፒ ድርሻ

ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ውስጥ አባቴና እኔ የኖርንበትን ሕንፃ ሊያፈርሱት መሆኑን የሰማሁት ባለፈው መጋቢት ነው። በዚያ በኩል ጉዳይ ነበረኝና ጎራ አልኩ። ግማሹ መስኮት መጋረጃ የለውም፤ ግቢው ውስጥ የተጣሉ ፍራሾችና አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ዝናብ ይመታቸዋል። የታችኛው በር ተከፍቶ ስላገኘሁት ገባሁ። የምፈልገው ነገር አልነበረም። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ግን ገና ያልለቀቀ አንድ ቤተሰብ ሽንኩርት በቅቤ ያቁላላ ነበርና ሽታው ደረጃው ላይ አቆመኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ያን ደረጃ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ብቻዬን እወጣው ነበር። ምድር ቤት ካሉት አሮጊት በር ሥር የተቀቀለ ድንች ይሸታል። አንደኛ ፎቅ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም፤ ሁለተኛ ፎቅ ያው ቅቤው። ከየበሩ ጀርባ ሹካና ሳህን ሲጋጭ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እጅ ታጠቡ ሲሉ ይሰማል። ሦስተኛ ፎቅ የእኛ ነው። የእኛ በር ምንም አይሸትም ነበር።

የመጣሁት ነሐሴ ላይ ነው። እናቴ ስድስት ዓመቴ ላይ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ። አባቴ አገር ጥሎ ሲወጣ ሁለት ዓመቴ ስለነበር የማውቀው የስልክ ድምፁን ብቻ ነው። አክስቴ ስታሰናብተኝ እንዳታሳፍሪኝ፣ አንቱ በዪው ብላኝ ነበር። ስለዚህ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያቅፈኝ "እንደምን ነዎት?" አልኩት። ሊስቅ ፈልጎ ተወው። "ደህና ነኝ፤ አንቺስ?" አለኝ። ከዚያ እስከ ቤት በትራሙ ሁለታችንም መስኮት መስኮቱን እያየን ሄድን።

አባቴ ዋሊሰለን፣ ትልቁ የገበያ ማዕከል ውስጥ ባለ አንድ መደብር መጋዘን ነበር የሚሠራው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል። በዚያ አገር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋና ልጆች ምሳቸውን ቤታቸው በልተው ሰባት ተኩል ላይ ይመለሳሉ። ይህን ማንም አልነገረኝም። የመጀመሪያው ቀን ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ቦርሳውን አንስቶ ሲሮጥ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ብቻዬን ቆሜ የሚያለቅስ ሰው ስፈልግ አስተማሪያችን ፍራው ብሩነር አገኘችኝና እጄን ይዛ እስከ በራችን አደረሰችኝ። ልጆች ምሳ የሚበሉበት ሆርት የሚባል ቤት ነበር፤ ግን ቦታ የለም፣ ተራ ጠብቁ ተባልን። ስለዚህ አባቴ ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ጠዋት ጠዋት ቁልፉ ደረቴ ላይ ሲነካኝ በረዶ ነበር።

ምሳዬን አፉ ሰፊ በሆነ ፔርሙዝ ያስቀምጥልኛል። ምድጃ መንካት፣ ለሰው በር መክፈት ክልክል ነው። ቴሌቪዥን ግን ይፈቀዳል። ዙፒን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል።

ዙፒ ካርቱን ነው፤ ሆዱ የተንዘረጠጠ ግራጫ ድመት። የለበሰው አረንጓዴ ሹራብ ስለጠበበው እምብርቱ ውጭ ነው። ጅራቱ ከልኩ በላይ ረዝሞ ራሱ ይረግጠውና ይደፋል። ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት ሴትዮ በየቀኑ አንድ ነገር ያዙታል። ወተት ግዛ ሲሉት ላሟን እየጎተተ ይመጣል። ልብስ አስጣ ሲሉት ራሱን በልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰቅሎ ሲወዛወዝ ይውላል። ሁሌም ያጠፋል፤ ሁሌም ከልቡ ለመርዳት ብሎ ነው። ወድቆ ሲነሳ አንዴም ዙሪያውን አያይም፤ ማን አየኝ አይልም። ይኼ ነው የገረመኝ። እኔ ክፍል ውስጥ እርሳስ ሲወድቅብኝ እንኳ ሁሉም ያየኝ መስሎኝ አንገቴን እቀብራለሁ።

ደግሞ ዙፒ አይናገርም። ሌሎቹ ሁሉ በጀርመንኛ ያወራሉ፤ እሱ "እም?" ብቻ ነው የሚለው። ሴትዮዋም ሲያናግሩት ቀስ እያሉ፣ እየደጋገሙ፣ በእጃቸው እያሳዩ ነው፤ ፍራው ብሩነር እኔን እንደምታናግረኝ። ስለዚህ እሱም ከሌላ አገር መጥቶ ቋንቋው ያስቸገረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ከየት እንደመጣ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምሳዬን መካፈል ጀመርኩ። ሞኝ አልነበርኩም፤ እንደማይበላ አውቃለሁ። ግን ዙፒ ሁሌም ይርበዋል፤ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰው ሲበላ ዓይኑን አፍጥጦ ያያል። አክስቴ ቤት ደግሞ ሰው እያየሽ ብቻሽን መብላት ነውር ነው። ስለዚህ በትንሽ ሳህን ቆረስ አደርግና ሹካ ጨምሬ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጬ "እንብላ" እለዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ አፌ የሚከፈተው ያኔ ነበር። ሲያልቅ የእሱንም ድርሻ በልቼ ሁለቱን ሳህን አጥቤ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ረፈደብኝና ሳላጥብ ሮጥኩ። ማታ አባቴ ከሥራ ሲገባ ማጠቢያው ላይ ሁለት ሳህንና ሁለት ሹካ አየ። ሰው መጥቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በር ከፈትሽ ብሎ የሚቆጣኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። እንዲያውም ዓይኑ በርቶ ነበር። ሦስት ሳምንት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ዙፒ ነው የመጣው አልኩት።

"ዙዚ?" አለ። "ከክፍልሽ?"

ዙዚ የአገሩ የሴት ልጅ ስም ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

በማግሥቱ ፔርሙዙ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። በሳምንቱ ሌላ ፔርሙዝ ተጨመረ፤ ጥንቸል የተሳለበት ኩባያም ገዝቶ መጣ፣ ለዙዚ። እኔም የሁለት ሰው ምግብ እየበላሁ ሱሪዬ አልቆለፍ አለኝ። ማታ ማታ ጃኬቱን ሳያወልቅ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ሆነ። በፊት ትምህርት እንዴት ነበር ይለኛል፣ ደህና እላለሁ፣ በዚያው ያልቃል። አሁን የማወራው አገኘሁ። ዙዚ ኩሬ ውስጥ ገባች። ዙዚ ዛፍ ላይ ወጥታ ቅርንጫፍ ስትቆርጥ የተቀመጠችበትን ቅርንጫፍ ቆረጠች። ከባዱ ነገር "ወደቀ" የነበረውን ሁሉ "ወደቀች" ማድረጉ ነበር። አንድ ቀን አምልጦኝ "ከዚያ ተንከባለለ" ስል አባቴ አዝኖ አረመኝ፤ አማርኛዬ ከአሁኑ መበላሸት የጀመረ መስሎት ነው።

እየቆየ ግን ሳቁ ቀነሰና ሐሳብ ገባው። ይህች ልጅ እናት የላትም ወይ? ምሳዋን በየቀኑ ሰው ቤት የምትበላው ለምንድን ነው? ይህን ያህል ስትወድቅ ሐኪም አይቷታል? እናቷ ሥራ ትሆናለች አልኩት። አባቴ ልጅ እንዲህ አይጣልም አለ።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ተዘጋ። አባቴ ዕረፍት ስላላገኘ ዠኔቭ ወሰደኝ፤ ቶኔ፣ ፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ፣ ጋሽ ዘውገ የሚባሉ ሰው ዘንድ። ጋሽ ዘውገ አባቴ መጀመሪያ ሲመጣ ያስጠጉት የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ፖስታ ሲለዩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ሞተዋል። ቤት ውስጥም ከረባት ያስራሉ። ከሰው ጋር ማውራት ሲያምራቸው የአየር ትንበያውን ይከራከራሉ፤ ሬዲዮው ዝናብ ሲል በመስኮት አይተው የለም ይሉታል።

መጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌቪዥን ልክፈት ወይ ብዬ አስፈቀድኩ። ፈላልጌ አገኘሁት፤ ያው ሹራብ፣ ያው ሆድ። ግን ሴትዮዋ ሲጠሩት ዙፒ አላሉትም። ፓቶ አሉት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ከላይ ሆኖ ዙፒ የሚያስበውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ይናገርለታል። እንባዬ መጣ። ድመቱን አስገድደው ስሙን ያስቀየሩት መሰለኝ። ጋሽ ዘውገ ደነገጡ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ስሙ እኮ ዙፒ ነው አልኳቸው።

ጋሽ ዘውገ ድምፁን አጠፉትና አጠገቤ ተቀመጡ። ዙፒ በዚያን ቀን ኬክ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ነበር። ጅራቱን ሲረግጥ ጋሽ ዘውገ መሳቅ ጀመሩ፤ ኬኩ አንድ ፖሊስ ላይ ሲያርፍ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ። ቆይተው፣ ድንገት የታያቸው ነገር እንዳለ ሁሉ ዞር አሉ።

"ምሕረት፣ ዙፒ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"አባትሽ ዙዚ የሚላት ልጅ…"

ዓይኔን ከድመቱ አላነሳሁም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቀስ ብለው የነገሩኝ ግን ከቁጣ የባሰ ነበር። አባቴ ለዓመታት እሑድ እሑድ ይደውልላቸዋል፤ ደህና ነኝ ካለ በኋላ የሚለው አያገኝም፣ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ይቆያሉ። ከመስከረም ወዲህ ግን ግማሽ ሰዓት ያወራል። ዙዚ ይህን አደረገች፣ ዙዚ ያን ሰበረች። ልጄ ሰው አገኘች ይላል።

"እኔ አልነግረውም" አሉኝ። "አንቺ ንገሪው። ግን ቶሎ።"

በቀሪዎቹ ቀናት ድምፁን እያጠፋን አየነው። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚነቃነቀው። አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ ስንሰናበት ባቡር ጣቢያው ላይ ጋሽ ዘውገ እጄን እንደ ትልቅ ሰው ጨበጡኝ።

ቶሎ አልነገርኩትም። ከዠኔቭ እስከ ዙሪክ ሦስት ሰዓት ያህል አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ሐይቁ አለቀ፣ ተራራው አለቀ፣ አልነገርኩትም። ቤት ስንገባ ኩባያዋ ታጥባ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ነገ እላለሁ፣ ነገ ይሆናል፤ ዙዚ ደግሞ ሌላ ቦታ ትወድቃለች።

ኅዳር ላይ ቤዙክስታግ መጣ፤ ወላጆች ክፍል ገብተው ልጆቻቸው ሲማሩ የሚያዩበት ቀን ነው። ወረቀቱን ከቦርሳዬ ራሱ አገኘው። አባቴ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ። ማታውን ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ወንበር ላይ ሰቀለ፤ ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጦ ለፍራው ብሩነር የሚናገረውን በጀርመንኛ ሲለማመድ ሰማሁት። ልጅ፣ ብቻዋን፣ ምሳ፣ መውደቅ የሚሉት ቃላት ገቡኝ። ተነስቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ሂጂ ተኚ፣ ነገ እንደክማለን አለኝ። ተኛሁ።

በማግሥቱ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንደ እሱ ከረባት ያሰረ አልነበረም። ዓይኑ በየወንበሩ ይዞራል፤ ዙዚን እየፈለገ ነው። እኔ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ፊደል እየደጋገምኩ እጽፈዋለሁ። ዕረፍት ሲደወል ልጆቹ ወጡ፣ እኔ ግን በሩ ጋ ቀረሁ። አባቴ ወደ ፍራው ብሩነር ሄዶ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። አንድ ልጅ አሳስባኛለች አለ። ሁሌ ትወድቃለች፤ ምሳ የሚያበላት የለም፤ እኔ ቤት ነው የምትበላው። ፍራው ብሩነር በደንብ ሰማችው። ስሟን ጠየቀችው። ዙዚ አለ። ፍራው ብሩነር ክፍላችን ውስጥ ዙዚ የሚባል ልጅ የለም አለችው። አባቴ አነጋገሩ የተበላሸበት መስሎት እንደገና ሞከረ። ዙዚ። ዙሲ። ከዚያ መጀመሪያ ቀን እኔ እንዳልኩት "ዙፒ" አለ።

ሊና የምትባለው ልጅ ጃኬቷን ልትወስድ ተመልሳ ነበር። "ዙፒ እኮ ድመቱ ነው" አለች፤ የእርሳስ ቦርሳዋን አንስታ ሰጠችው። ሹራቡ፣ እምብርቱ፣ ጅራቱ፤ ሁሉም ተስሎበታል።

አባቴ ቦርሳውን በሁለት እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለሊና በሁለት እጁ መለሰላትና አመሰገናት። ፍራው ብሩነርንም ይቅርታ ጠየቃት። እኔን አላየኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ አብረን ወጣን። ደረጃውን ስንወጣ በየበሩ ሥር ያ ሽታ ነበር፤ አባቴ በዚያ ሰዓት ደረጃውን ወጥቶ ስለማያውቅ በየፎቁ ቆም ይላል። ከእኛ በር ፊትም ቆመ። ገብተን ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ፣ እኔ ቆምኩ።

"ክፈቺው እስቲ" አለኝ። "እንተዋወቅ።"

ዙፒ በዚያን ቀን የሴትዮዋን ጣሪያ ሊጠግን ወጥቶ ነበር። ወደቀ። በቧንቧው ተንሸራቶ በርሜል ውስጥ ገባ። አባቴ አልሳቀም። ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ "ተጎዳ?" አለኝ። አይጎዳም አልኩት። እስከ መጨረሻው አየው። ሲያልቅ አጥፊው አለኝ፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ዙሪያውን አየ፣ ሶፋውን፣ መስኮቱን፣ ጥንቸሏ ያለችበትን ኩባያ።

"ልጅ እንዲህ አይጣልም ያልኩሽ…" ብሎ አልጨረሰውም። ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

በዚያው ሳምንት ፈረቃ እንዲለወጥለት አለቃውን ጠየቀ። እስከ በጋ አይሆንም ተባለ፤ የምሳ ዕረፍቱን በግማሽ ሰዓት ቀደም ማድረግ ብቻ ተፈቀደለት። ከዚያ ጀምሮ ስድስት ተኩል ላይ ስልክ ይደውላል። መጀመሪያ ላይ አስጨናቂ ነበር። በላሽ ይለኛል፣ እየበላሁ ነው እላለሁ፤ ከዚያ ከጀርባው የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ የሚለውን እሰማለሁ። በሦስተኛው ቀን "ምን እያደረገ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። እሱ መጋዘኑ በር ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ፤ ዙፒ የሚያደርገውን በአማርኛ አንድ በአንድ አወራለታለሁ። አሁን "ወደቀ" ማለት እችላለሁ። አንድ ቀን ዙፒ የእንቁላል ቁልል ተሸክሞ በብስክሌት ሲሄድ ሳላስበው "ስማ፣ ስማ፣ አሁን ሊደፋው ነው" አልኩ። ክው አልኩ። "ይስሙ" ማለት ነበረብኝ።

"እሺ" አለ። "እየሰማሁ ነው።"

ከዚያ ወዲህ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ሊና ከዚያ ቀን በኋላ ትመለከተኝ ነበር። ሌሎቹ ድመት ምሳ ጋበዘች ብለው ሲስቁ እሷ አልሳቀችም፤ አንድ ዕረፍት ላይ መጥታ ዙፒ ምን እንደሚወድ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ገባኝ። ከነሐሴ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር። "ሽሮ" አልኳት። "ሺሮ" አለች፣ እንደምታውቀው ነገር ሁሉ ራሷን ነቅንቃ። ስሄድ አጠገቤ ትሄዳለች፤ ብዙ አናወራም። በረዶው መጣ፣ ቁልፉ ደረቴ ላይ ይበልጥ ቀዘቀዘ፤ አባቴ በየቀኑ ይደውላል።

የካቲት ላይ አንድ ሐሙስ ሊና ከትምህርት ቤት ስንወጣ እጄን ይዛ በሌላኛው መንገድ ወሰደችኝ። ምን እንደምትል በደንብ አልገባኝም ነበር፤ እናቷ በሩን ከፍታ ስትስቅ ነው የገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ተቀምጧል። ቴሌቪዥን አልነበረም። መኮሮኒ ከድንች ጋር ነው የበላነው፣ በጎኑ የተፈጨ ፖም። የሊና እናት ሁለቴ ጨመረችልኝ። ሰዓቱን ያየሁት ጫማዬን ሳስር ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ምንም አልተማርኩም። ባዶ ቤት ውስጥ ስልኩ ሲጮህ እየታየኝ ነበር።

አባቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ጃኬቱ ላይ በረዶ ነበር። በሩን ዘግቶ ቆመ። ደህና መሆኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየና ተነፈሰ።

"ደወልኩ" አለ።

"ሊና ቤት በላሁ።"

ወንበር ስቦ ከነጃኬቱ ተቀመጠ። ሊጠይቀኝ የፈለገውን ሲያገላብጥ አየሁት፤ ላለማሳፈር እየተጠነቀቀ ነበር።

"ይህችኛዋ ሊና…"

"እውነተኛ ናት" አልኩት። "ቦርሳዋን ያሳየችህ።"

"እውነተኛ ናት" አለ እሱም፣ ለራሱ። ምን እንዳበሉኝ ጠየቀኝ። መኮሮኒ፣ በፖም አልኩት። በፖም? አለ፣ በጣም ገርሞት።

"እስከ ስንት ሰዓት ደወልክ?" አልኩት።

"ዙፒ እስኪያልቅ።"

በረዶው ከትከሻው እየቀለጠ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አንዳችንም ተነስተን መብራት አላበራንም።

"ዛሬ ምን ሆነ ታዲያ ድመቱ?" አለኝ።

"አላየሁትም።"

"እኔም አላየሁትም" አለና ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ።